ይልማ ያልገባበት ክፍል

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ፣ ጋሼ ታደለ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ጋሼ ታደለ ጎረቤታችን ናቸው፤ አገር ቤት የመካኒክነት አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ ባሕር ማዶ ደግሞ ግሮቭፖርት ባለ ዌርሃውስ ዕቃ ሲጭኑ ውለው ሲመለሱ የሰፈሩን ሐበሻ መኪና ይጠግናሉ። ያኔ በረዶው በሩን ሲደፍነው የጋዝ ማሞቂያዋን ይለኩሱና፣ አምፖሉን ኮፈን ላይ ሰቅለው፣ እጃቸው ሞተር ውስጥ እንዳለ ያወሩልናል። የጭሱና የዘይቱ ሽታ ጃኬቴ ላይ ያድር ነበር።

እኔና ጓደኛዬ ናቲ የምንወደው የይልማን ታሪክ ነው። ይልማ ተማሪያቸው ነበር፤ ሞተር በጆሮው ብቻ ሰምቶ በሽታውን ይናገራል፣ ክፍል መቀመጥ ግን አይሆንለትም። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጋሼ «ያን ቀን ክፍል አልገባም» ይሉና መፍቻ ፍለጋ ይዞራሉ። ናቲ «ኦኬ፣ ዴን ዋት? ከዚያስ?» ሲላቸው «ያንን አምፖል ወዲህ ያዝልኝ» ይሉታል።

እኔም ይልማን ልሆን ተነሳሁ። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ድሮፕ አውት አደረግኩ። እማዬ አለቀሰች፤ እኔ እጄ ይበቃኛል ብዬ ጋሼ ዘንድ ሥራ ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መኪና በክሪክ አነሳሁና የብረት ድጋፉን ሳላቆም በጀርባዬ ተንሸራትቼ ከሥሯ ገባሁ። ስንቴ አድርጌዋለሁ! ድንገት ሁለት እጆች ቁርጭምጭሚቴን ይዘው ጎተቱኝ።

«ምን ሆነዋል ጋሼ? ቆማለች እኮ!»

«ቆማለች።» ቁርጭምጭሚቴን አልለቀቁም። «የይልማም ቆማ ነበር።»

ያኔ ነው የነገሩኝ። ያን ጠዋት ትምህርቱ ስለ ክሪክ ነበር፤ ይልማም ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ፣ ደብተር ይዞ ከች አለ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መኪና ጥገና አስቸኩሏቸው ስለነበር «አንተን ክፍል ምን ያደርግልሃል? ሂድ ሥራልኝ» ብለው ከበር የመለሱት ራሳቸው ናቸው። ክሪክ ለምን እንደሚከዳ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ሳለ ከጓሮ መኪናዋ ይልማ ላይ ስትወድቅ ድምፁን ሰሙ።

«ክሪክ ለምንድነው የሚከዳው?» አልኳቸው።

ጠመኔ አንስተው ወለሉ ላይ ሣሉልኝ። መኪናዋን የተሸከመው ዘይት ነው፣ ዘይቱን የያዘው ያረጀ የጎማ ቀለበት፤ እሱ ከለቀቀ መኪናዋ ትወድቃለች። ድምፃቸው የክፍል ድምፅ ሆነ። ወደ እኔ አያዩም፤ የሚያዩት ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ ነው። «ገባህ?» ይላሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ከስንት ክፍል ሾልኬ የወጣሁ ልጅ ከዚያኛው ክፍል ግን መነሳት አቃተኝ። በሦስተኛው «ገባህ?» ላይ «ገብቶኛል፣ ቲቸር» አልኩ። ጠመኔውን አስቀመጡ።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ክፍል፣ ሦስት ቀን ጋራዥ የሚያውል ሥልጠና ገብቻለሁ። ናቲ «ፕሮፌሰር» እያለ ይተርበኛል። ለምን እንደተመዘገብኩ ግን አልነገርኩትም። ያን ቀን ምንም አልገባኝም ነበር፤ በሞተ ልጅ ፈንታ የመለስኩት መልስ ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።