የሐጂ ፒክአፕ እና የእኔ «መጣሁ»

ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ ክረምት ሲገባ ሰው ሁሉ ብርዱን ያማል። እኔ የማማው የሐጂን ፒክአፕ ነው።

ሐጂ የምንላቸው ተላዕ አል-ዓሊ ሰፈር የተከራየንበት ሕንፃ ሥር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ዳቡቅ ለሚባለው ሰፈር ቪላዎች አትክልት ያደርሳሉ። እኔና አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ደግሞ እዚያው ዳቡቅ የሰው ቤት በሰዓት እናጸዳለን። ወደዚያ የሚሄድ ባስ የለም፣ ታክሲ በየቀኑ አይቻልም፤ ስለዚህ ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን ከሐጂ ጋር እንሄዳለን። ጌታ ይባርካቸው፣ ደግ ሰው ናቸው። መኪናቸው ግን ጨጓራዬን ይልጠዋል!

ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ ይነሣና ጠቅ ጠቅ ጠቅ ማለት ይጀምራል፤ ውስጡ ሰው ተቆልፎበት በማንኪያ የሚያንኳኳ ነው የሚመስለው። ያ ድምፅ ካልጠፋ ሐጂ ንቅንቅ አይሉም። «ኢስተኒ ያ ቢንቲ» ይሉኛል፣ ጠብቂ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሌሊት ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ወርዷል። ላይ እስኪደርስ ብረት ከብረት ነው የሚጋጨው። አሁን ብነዳው ሞተሬን ገደልኩት ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አያሠሩትም?» ስላቸው «እንሻላህ» ይላሉ። ስንት ክረምት እንሻላህ ተባለ! ጓደኛዬ እኔ ስበግን እያየች ትስቃለች። «እጅሽን ጫኚበትና ጸልዪለት» ትለኛለች እኔን ለማብሸቅ።

የምሠራባት ማዳም የምትኖረው ከእናቷ ከሐጃ ጋር ነው። ሐጃ ማስታወስ እየተሳናቸው ነው። በር ክፍት ካገኙ ወጥተው ይሄዳሉ፤ አንዴ ዋናው መንገድ ላይ፣ መኪና መሃል ነው የተገኙት። ስለዚህ ማዳም ሥራ የምትሄደው እኔ ስገባ ነው። ሐጃ ለአፍታ እንኳ ብቻቸውን አይቀሩም፤ የቤቱ ሕግ ይህ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት የፒክአፑ መስታወት ውርጭ ለብሷል። ሐጂ ሞተሩን አስነሡ፣ ጠቅታው ጀመረ፣ ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልጠፋ አለ። ኧረ እንዲያውም ባሰበት። ስልኬ ጮኸ፣ ማዳም ናት።

«ወይኒክ?» አለች፣ የት ነሽ።

«ኢጂት፣ ኢጂት ማዳም!»

እኛ አገር ሰው ሲጠራን ከተቀመጥንበት ሳንነሣ «መጣሁ!» እንል የለ? ያንኑ ነው በዐረብኛ ያልኩት። ለእሷ ግን ኢጂት ማለት ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ ማለት ነው። «ያላ፣ አነ ጣልዓ» ብላ ዘጋችው፣ በይ ወጣሁ እንደማለት ነው። የግቢውን በር ልትከፍትልኝ የወጣች መሰለኝ።

የነቃችው ከጎኔ ሆና ስልኩን የሰማችው ጓደኛዬ ናት። «አንቺ፣ ሄድኩ እኮ ነው ያለችሽ! በር ላይ ያለሽ መስሏት በሩን ከፍታልሽ ወደ ሥራ ወጣች!»

መልሼ ደወልኩ፣ አታነሣም። ስትነዳ ስልክ አታነሣም።

«ሐጂ፣ ይንዱ!»

«ኢስተኒ፣ ዘይቱ...»

«ዘይቱ ገደል ይግባ! ሐጃ ብቻቸውን ናቸው፣ በሩ ክፍት ነው!» በአማርኛ ይሁን በዐረብኛ እንደጮህኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐጂ አዩኝ። ሞተሩን አንዴ አዳመጡት፣ ፊታቸው ጭምድድ አለ፣ ከዚያ ማርሽ አስገቡና ነዱት። መንገዱን ሙሉ ያ ብረት ይንቋቋል፣ እኔ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» እላለሁ፣ ጓደኛዬም ቀልዷን ትታ አብራኝ ትጸልያለች።

ስንደርስ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ሐጃ በነጠላ ጫማ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቆመዋል፤ አንድ እግራቸው አስፋልቱ ላይ ወርዷል። ሮጬ ያዝኳቸው። እጃቸው በረዶ ሆኗል። «ልጄ ወጣች፣ ልፈልጋት ነው» አሉኝ። ሐጂ ጃኬታቸውን አውልቀው የሐጃ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ።

ከሰዓት ማዳም ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ምነው አፌን በዘጋሁ እስከምል ድረስ ጮኸችብኝ። «ውሸታም! ደረስኩ ብለሽኝ!»

የእኔም ደም ፈላ። «አልዋሸሁም! እኛ አገር ገና እየመጣን እያለን ነው መጣሁ የምንለው!»

ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠች። «እሺ፣ በእውነት ስትደርሱስ ምን ትላላችሁ?»

አሰብኩ። «ደረስኩ» ልላት ነበር፤ ለካ እሱንም መንገድ ላይ ሆነን ነው የምንለው። ከአልጋ ሳንወርድ ሁሉ እንለዋለን።

«መጣሁ» አልኳት።

እጇን ግንባሯ ላይ ጫነች። አላባረረችኝም። «ከእንግዲህ ሳሎን ውስጥ በዓይኔ ካላየሁሽ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች።

በማግስቱ ጠቅታው ብሶበት ጠበቀን። «ይኸው ሥራሽ!» አሉኝ ሐጂ፣ በትላንትናው ሩጫ ማለታቸው ነው። ስልኬ ጮኸ።

«ወይኒክ?»

ኢጂት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። ከጋቢናው ወርጄ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁላት። ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

አዳምጣ አዳምጣ «ፍሂምት» አለች፣ ገባኝ ማለቷ ነው። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የቤቱን በር ከውስጥ ስትቆልፈው ሰማሁ።