ከፕሮፔለሩ የተፈታ ነጠላ

ኪዳን ሰው አያምንም። እንጀራው ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ ጀልባ ሥር እየጠለቀ፣ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋውን ፕሮፔለር ያነቀውን ገመድና መረብ መቁረጥ ነው። እሱ ከሥር እያለ አንዱ ጅል ሞተር ቢያስነሳስ? ስለዚህ ከመጥለቁ በፊት የሞተሩን ቁልፍ ተቀብሎ አንገቱ ላይ ያስራል።

የአገራችን ሰው ወደ የመን በሚጎርፍበት ዓመት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከማዶ የተመለሰች ጀልባ ሥር ገባ። ባለጀልባው «ሰው አልጫንኩም፤ የዓሣ መረብ ነው» ብሎታል።

መረብ አልነበረም። ኪዳን በጣቶቹ ሲዳብሰው ለሰለሰው፤ ባለ ጥለት ነጠላ ነው። ሳበው። ነጠላው መልሶ ሳበው። ማዕበል ነው ብሎ ራሱን አጽናንቶ ቆርጦ አወጣው።

ጀልባዋ ላይ ዘረጋው። አንዱ ጫፍ፣ ሴቶቻችን እንደሚያደርጉት፣ ጥብቅ ተደርጎ ተቋጥሯል። ሲፈታው ትንሽ የሻንጣ ቁልፍ ወደቀች።

ባለጀልባው አየና ፊቱን አዞረ። «ሁለተኛ እንዳያስቆመኝ የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ምላጭ ግጠምልኝ» አለ። «የተጠመጠመውን ሁሉ የሚቆርጥ።»

ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ቁልፌን ስጠኝ።»

ኪዳን የሻንጣዋን ቁልፍ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።