የባቱዋ ድመት የዓመት ወጪ

ድመቷ በአንድ ዓመት አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር በላችብኝ። ኋላ የመጣው የክሊኒክ ወጪ ሲጨመርበት ሰባት ሺህ ሃምሳ።

አዳማ ውስጥ ጤፍና ባቄላ እሸጣለሁ። መጋዘኔና ቤቴ ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ አይጡ ሁለቱንም እንደራሱ ቤት ነው የሚያያቸው። ለሽንኩርት ባቱ በሄድኩበት ሐይቁ ዳር አንዲት ድመት አየሁ፤ ወፍራም፣ ጸጉሯ የሚያበራ። ዓሣ አጥማጁን ዋጋዋን ጠየቅሁት።

«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ድመት ይሸጣል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ አራት መቶ ብር አለኝ።

«የሳቅህበትን ቀንስ» አልኩት። አልቀነሰም።

በሬ እንደሚገዛ ሰው ውፍረቷን አይቼ ገዛሁ። ውፍረቱ ከዓሣ አንጀት እንጂ ከአይጥ እንዳልመጣ የገባኝ፣ የመጀመሪያውን አይጥ ቁጭ ብላ በዓይኗ ስትሸኘው ነው። ከሥጋ ቤት ሳንባ አመጣሁላት፤ አሽትታ ሄደች። ስለዚህ በየወሩ የሦስት መቶ ብር የዓሣ ጭንቅላት። ክትባቷ ሁለት መቶ ሃምሳ።

«ይቺ ሠራተኛህ ሥራ አትሠራም፣ ደሞዟ ግን አንድ ቀን አይዘገይም» ትላለች ሚስቴ። ትበል እንጂ፣ ጓዳ ሆና ባቄላ ስትለቅም ከድመቷ ጋር አብረው ነበር የሚውሉት።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል፣ ክረምት ላይ፣ ድመቷ ጓዳ መግባት ተወች። ዝናብ እየወረደባት ደጅ ትቆማለች፤ ሚስቴ አቅፋ ስታስገባት ቧጭራት ትወጣለች። በዚያው ሰሞን ሚስቴን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያዛት።

«ሎሚ አላማረሽም?» እያሉ የሰፈሩ ሴቶች ተሳሳቁባት። ለእኔም እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ገበያ ወጥታ ስትመጣ ቀለል ይላታል፤ ጓዳ ስትውል ይብስባታል። ይህን ልብ አላልኩትም።

አንድ ቀን ዝናቡ ሲበረታ ሚስቴ ድመቷን አስገብታ በሩን ዘጋችባት። እኔ ለምሳ ስገባ ድመቷ ግድግዳው ሥር ሞታ ደርቃለች። ሚስቴ ባቄላው ላይ ጋደም ብላለች።

«ተወኝ፣ ትንሽ ልተኛ» አለችኝ።

ጓዳው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ቤታችን ውስጥ ግን አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አልነበረም።

ሽታውን እህል ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል፤ የነቀዝ ክኒን ነው። እህሉ ውስጥ ይጣልና በሸራ ይሸፈናል፤ የሚወጣው ጋዝ ነቀዝና ሰው አይለይም። እኔ ክኒን አልጣልኩም። የጓዳዬ የጎን ግድግዳ ግን የተሰነጠቀ ጭቃ ነው፤ ከወዲያ በኩል የጎረቤቴ የበቆሎ መጋዘን አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ክኒን የጣለ አይናገርም። ነቀዝ አለበት ከተባለ ዋጋው ይሰበራል።

ሚስቴን ተሸክሜ ወጣሁ። ጎረቤቴ ከአንድ ደላላ ጋር በሩ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ክኒን ጥለዋል እንዴ?»

ሚስቴን አየ፤ ደላላውን አየ።

«ኧረ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል!» አለኝ።

ባጃጅ ሮጦ የጠራልኝ ደላላው ነው። ክሊኒክ ኦክስጅን አደረጉላት፤ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር ከፈልኩ።

«እስከ ማታ እዚያው ብትቆይ ኖሮ...» አለ ሐኪሙ፤ አልጨረሰውም።

ጎረቤቴ የክሊኒኩን እሰጥሃለሁ ብሏል። በቆሎው ገና አልተሸጠም ይለኛል። በሸራ እንደተሸፈነ ነው፤ ጓዳውን በሚስማር አሽገነዋል።

ወጪ፣ ሰባት ሺህ ሃምሳ ብር። ተመላሽ፣ የለም። ድመቷ የለችም። ሚስቴ አለች።