ወርቅዬ ለቅሶ ቀረች ላላችሁ

አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ዛሬ ጠዋት ሰናይት «አክስቴ ሞተች» ብላ ቴክስት ስታደርግልኝ፣ እኔ በሳቅ የሚያነባውን ቢጫ ፊት መለስኩላት። አዎ፣ እኔው!

ምን ላድርግ? አክስቷን ወርቅነሽን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ባለፈው ሰመር አይስላንድ አብረን ሄደን ፍል ውሃ ውስጥ እስከ አንገቷ ተዘፍቃ ፎቶ ከተነሣች በኋላ ለሰናይት «ሞቼ ገነት ገብቻለሁ፣ ልብሶቼን ለቸገረው ስጪልኝ» ብላ የላከች ሴት ናት። አክስትና የእህት ልጅ ዛሬም የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ሰናይት ኮል አድርጋ ስትንሰቀሰቅ ነው የገባኝ። ልቧ ነው አሉ። እዚያው ቶርንክሊፍ ፓርክ ቤቷ፣ ለሺፍቷ ልትወጣ ስትዘጋጅ።

አሁንም አላመንኩም።

ላለቅስ ተቀምጬ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሰማሁት ግን እንባዬን አደረቀው።

ሰናይት እዚህ አገር ከወርቅዬ ሌላ ዘመድ የላትም። ማን አብሯት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀብር እንደሚያደርስላት ጨንቋት ለእድራችን ሊቀመንበር ለጋሽ ታፈሰ ትደውላለች። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ወርቅነሽ ግን አባላችን አይደለችም። ከተሰረዘች ቆይታለች።»

ለምን? ለቅሶ ቀርታ። የት ሄዳ? «ድንጋይ ልታይ።»

እኔም ደወልኩ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ እውነት ይህን ብለዋል?»

«ብያለሁ። ደንብ ደንብ ነው። ሰው ታሞ ቢቀር፣ ሥራ ይዞት ቢቀር ይገባናል። ለሽርሽር ብሎ ለቅሶ መቅረት ግን...»

«እኔስ? አብሬያት አልነበርኩም? እኔን ለምን አልሰረዛችሁኝም?»

«አንቺማ ትጽፊያለሽ። የአንቺ እንደ ሥራ ተቆጥሮ ነው» አሉኝ።

ሰማችሁ? እኔ መጽሔት ላይ ስለምለፈልፍ ተፈራሁ። እሷ በየለቅሶው ሽንኩርታችሁን ስትከትፍ የኖረች ሴት ናት፣ ምን ታመጣለች?

እንግዲያው ያን ለቅሶ እንዴት «እንደቀረች» በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ወርቅዬ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ መተሐራ፣ ፈንታሌ ተራራ ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ እየዘለለች ነው ያደገችው። ያ ድንጋይ ከምድር ሆድ ቀልጦ እንደወጣ አስተማሪዋ ከነገሯት ቀን ጀምሮ ገና የሚጨሰውን ለማየት ስትመኝ ኖረች። ጉዞውን ለሰው ስትነግር ስንቱ ሳቀባት! «በዚህ ዕድሜሽ? ኢየሩሳሌም አይሻልሽም?» ሲሏት «ማን ከልክሎኝ!» አለች። የሁልጊዜ መልሷ ነው። ፀጉሯን ስትቆረጥም፣ ዋና ስትማርም «ማን ከልክሎኝ!»

አይስላንድ ስንደርስ ከአውቶብሱ ቀድማ ወርዳ፣ ጓንቷን አውልቃ መዳፏን አረንጓዴ ሣር መሳይ ነገር የለበሰው ጥቁር ድንጋይ ላይ ለጠፈችው። «ይኸው የመተሐራው ነው! ብርድ ቢመታው አረንጓዴ ጋቢ ደረበ እንጂ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን አስጎብኚያችን ዮን አንድ የተሰነጠቀ ገደል ሥር አቆመን። ከኖርዌይ በመርከብ የመጡት የጥንት ሰፋሪዎች ንጉሥ ስላልነበራቸው በየበጋው እዚያ ተሰብስበው ይፈርዱ ነበር አለን። ጥፋተኛውን ከመሃላቸው ያስወጡታል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያበላውም፣ ማንም አያስጠጋውም። ወርቅዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እድር ነዋ!» አለችኝ። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

አውቶብስ ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን ስልኳ ጮኸ። ሬክስዴል የምትኖረው የእድራችን አባል የአስቴር እናት አገር ቤት አርፈዋል። ወርቅዬ እኚያን እናት አይታቸው አታውቅም። ግን «እናቴን! እናቴን!» ብላ ጮኸች፤ የጃኬቷን ኮፍያ አጥልቃ ደረቷን ትመታ ጀመር። ዮን ደንግጦ አውቶብሱን አስቆመ። ነገሩን ሳስረዳቸው ሁሉም ወረዱ። ከኦታዋ የመጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት ግራና ቀኝ ክንዷን ያዟት። መሬቱ ከሥራችን ይጨሳል። ዮን ኮፍያውን አውልቆ፣ የማያውቃቸውን እናት፣ ከማያውቀው አገር ሰው ጋር ቆሞ አለቀሰ።

ይህ ነው እንግዲህ ለቅሶ የቀረችው።

ተመልሰን ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ ስናርፍ እኔ ታክሲ ይዤ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። እሷ ሻንጣዋን እየጎተተች ሬክስዴል ሄደች። አስቴርን አሁን ደውዬ ጠየቅኳት። «ሻንጣዋን ኮሪደር ላይ ጥላ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከዚያ ኪችን ገብታ ለቤቱ ሙሉ ሰው ራት ሠራች። በኔ ለቅሶ ሰበብ መሰረዟን አንድ ሰው እንኳን አልነገረኝም» ብላ ጮኸችብኝ።

የበለጠ የሚያቃጥለኝ ግን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ወርቅዬ መሰረዟን ታውቅ ነበር። ሰናይት «ለምን አትከራከሪያቸውም?» ስትላት «ተያቸው፤ ለቀስተኛ ግን ይርበዋል» ብላ ቢላዋዋን በፎጣ ጠቅልላ ወደሚቀጥለው ለቅሶ ሄደች። ከዚያም ወደሚቀጥለው። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ «አባል አይደለሽም» ብሎ ከኪችን ያስወጣት ማነው? ወጡ ሲጣፍጣችሁ ደንቡ የት ሄዶ ነበር?

ደንብ አትበሉኝ። ደንብ ቢሆን እኔም እሰረዝ ነበር። ይህ ሰው መምረጥ ነው።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ይሰበሰባል። አስቴር ትገኛለች፣ እኔም እገኛለሁ። ወይ ወርቅዬን እንደ አባል ይሸኟታል፣ ወይ እኔንም ከእሷ ጋር ይሰርዙኛል።

ወርቅዬ፣ የኔ ደፋር። እድሩ መጣም ቀረ ሰናይት ብቻዋን አትቀመጥም፤ ፍራሼን መኪና ላይ ጭኛለሁ፣ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ወደ እሷ ነው የምነዳው። አንቺ ስንቱን አልቅሰሽ ሸኝተሻል፣ አሁን የመለቀሱ ተራ ያንቺ ነው፤ ሂጂ፣ አፈሩ ይቅለልሽ። የነገውን እዚሁ እጽፍልሻለሁ፤ ማን እጁን እንዳነሣልሽ፣ ማን ጣሪያ ጣሪያ እንዳየ፣ በየስማቸው።