በጂ ይጀምራል

 መካኒሳ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አምስት ዓመት አንሶላ ሳጥብ ከኖርኩ በኋላ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ልትለቅ መሆኑን ሰማሁ። ሥራ አስኪያጇ ከእኛው ከሠራተኞቹ መካከል በእንግሊዝኛ ፈትነው ያለፈውን በእሷ ቦታ እንደሚያስቀምጡ ነገሩን። በረኪና የጣቶቼን ቆዳ ልጦ ጨርሶታል፤ ሐኪሙም እጄ ከበረኪና ካልራቀ ቁስሉ እንደማይድን ቁርጡን ነግሮኛል። ያቺ ወንበር ለእኔ ሹመት አልነበረችም፤ እጄን ማትረፊያ ነበረች።

እንግሊዝኛዬ የስምንተኛ ክፍል ነው። ሆቴል ተፈትና የተቀጠረች ጎረቤቴ ያጠናችበትን ዝርዝር አዋሰችኝ። በግራ በኩል አንድ ነገር እንዴትና መቼ እንደተደረገ የሚናገሩ ቃላት አሉ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ በየትይዩአቸው ተመሳሳያቸው። በድምሩ ሠላሳ ጥንድ ነው። ቀላሉን ቃል ሁሉም ሰው ስለሚለው ከባዱን ጣል ሳደርግባቸው ነው የሚደነግጡት ብላ መከረችኝ። እኔም አመንኳት፤ እሷ አልፋ የለ?

ጠያቂዬ ባለቤቴ ሆነ። ሕንፃ ላይ ፌሮ የሚያስር ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ አይችልም፣ ፊደሎቹን ግን አንድ በአንድ ይለያል፣ ያውም የታተሙ ከሆኑ። የጎረቤቴ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ የዶሮ ጭረት ነው። ስለዚህ ለእሱ ዓይን እንዲመች ብዬ እዚሁ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈራችን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በኮምፒውተር አስጻፍኩት። ጸሐፊዋ ስልክ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ እየሳቀች ነበር የምትጽፈው። ቤት ይዤው ስገባ የመጨረሻዋ ቃል ትይዩዋ ባዶ ሆኖ አገኘነው። ባለቤቴ ፎቶ ኮፒው በልቶት ነው አለ። ከሠላሳ አንዲት ብትጎድል ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት።

ከሥራ ሲመጣ እግሩን እየታጠበ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ይዘረጋል። ቃሉን ማንበብ ስለሚከብደው ቁጥሩን ይጠራል፤ እኔ ቃሉንም ጥንዱንም እላለሁ፤ እሱ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል ያመሳክራል። በመጀመሪያው ቀን ስምንት ብሎ ጠራ። ስምንት ኢሚዲየትሊ ነው፣ ወዲያውኑ ማለት። ይህን እንኳ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አት ዋንስ አልኩት በኩራት።

«ስህተት» አለኝ።

«ምኑ ነው ስህተቱ?»

«በጂ ይጀምራል።»

አጎንብሼ አየሁ፤ ግራጁዋሊ ይላል። ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ቃል ነው። ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ ግን ሠላሳውን ሳልሸመድድ ትርጉም ፍለጋ መግባት ጊዜ ማባከን መሰለኝ። እኛ እኮ መምህር ሲያስጮኸን ተከትለን ስንጮኽ ያደግን ነን፤ ትርጉም የሚጠይቅ ተማሪ ክፍሉን አስረፈደ ተብሎ ይታማ ነበር። የታተመ ወረቀት ከሚሳሳት እኔ ብሳሳት ይቀላል ብዬ አት ዋንስን ተውኩት።

ጠዋት ጠዋት ከለቡ ወደ መካኒሳ በሚኒባስ ስሄድ ከንፈሬ አያርፍም። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጸሎት መስሏቸው እኔንም አስቢኝ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ፈተናው ሲቃረብማ አንሶላ ስጨምቅም ቁጥር እጠራለሁ፣ አስራ አራት ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

የፈተናው ዕለት ሥራ አስኪያጇ እንደ እንግዳ ሆነው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ክፍላቸው ውስጥ ውሃ እንደሌለ፣ ሰው መቼ እንደምልክላቸው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። ሁሉም ገባኝ፤ ደስታዬ ራሱ አስፈራኝ። አት ዋንስ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። ኢሚዲየትሊም መጣ፤ እሱን ሁሉም ሰው ይለዋል ብዬ ናቅኩት። ስምንት ቁጥር አልኩ በልቤ፤ ከዚያም ሰው ግራጁዋሊ እንልካለን አልኳቸው።

እስክሪብቷቸው ቆመ። «ግራጁዋሊ?» አሉኝ። አሁን ሳስበው ማምለጫ እየሰጡኝ ነበር። እኔ ግን ያልሰሙኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላቸው።

«ሰውዬው ሳሙና ተቀብቶ ቆሞ ውሃ ሄደብኝ ሲልሽ፣ ቀስ በቀስ ሰው እንልክልሃለን ነው የምትይው?» አሉኝ በአማርኛ። አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ለጊዜው ማጠቢያው ክፍል እንድቆይ ነገሩኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ወረቀቱን አውጥቼ ከስልኬ መዝገበ ቃላት ጋር እያመሳከርኩ በጥፍሬ መስመር በመስመር ወረድኩ። ጸሐፊዋ የሰባተኛውን ቃል ተመሳሳይ ዘልላዋለች። ከዚያ በታች የቀኙ ረድፍ በሙሉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ዘጠነኛው ስሎውሊ ነው፣ ቀስ ብሎ ማለት፤ የእሱ ጥንድ ስምንተኛው ጎን ገብቷል። የመጨረሻዋ ቃል ብቻዋን የቀረችው ለዚህ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባዶው ቦታ ዓይናችን ሥር ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ ለእኔ ደግሞ ማጠብ ሥራዬ ነው። በጸሐፊዋ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በራሴ፤ የማውቀውን ትቼ ያነበነብኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከሥራ አስፈቅዶ ቀድሞኝ ገብቷል። ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ምን ጠየቁሽ አለኝ። ስምንትን ጠየቁኝ አልኩት። ምን ብዬ እንደመለስኩም ነገርኩት፤ ውጤቱን ግን ሳልነግረው ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ መስኮቱ ጋ ወሰደው፤ ዝገት የገባበትን ጣቱን ከአንድ ጀምሮ እያወረደ ስምንት ላይ ቆመ። የመጀመሪያውን ፊደል አየ፣ የመጨረሻውን አየ፣ ፊቱ በራ።

«ትክክል ነሽ እኮ» አለኝ። «በጂ ይጀምራል ብዬሽ አልነበር?»

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ብለኸኝ ነበር አልኩት።