ከመንገዱ እኩል የነበረው በር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ በዚህ አድጌ በዚሁ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ትልቁ በራችን ላይ በማጉያ መነጽር ተደፍቶ ሳየው፣ ገና «ሃይ ሃይ» ብሎ ፈገግ ሳይልልኝ ጠረጠርኩት። ሰው የሰው በር እንዲህ አፍጥጦ የሚያየው ወይ ሊገባ ነው ወይ ሊያስወጣ ነው። ሌላ ምን አለ?

ቤታችን መጀመሪያ ቤት ሆኖ አልተሠራም። እዚህ በኖርዌጆቹ አገር፣ ከቫይትቬት ወዲያ ያለው ሰፈራችን ዛሬ ፎቅ በፎቅ ይሁን እንጂ፣ ድሮ ከከተማው ውጭ ያለ እርሻ ነበር አሉ። ይህ ሕንፃ ደግሞ የዚያ ገጠር የእሳት አደጋ ጣቢያ ነው። ታቹ በጡብ፣ ላዩ በእንጨት የተሠራ፣ በጎኑ ረጅም ማማ የቆመለት። መጀመሪያ ቀን ማማውን ሳይ የቤተ ክርስቲያን መስሎኝ አማትቤያለሁ። ለካስ ደወልም የለው! እሳት አጥፊዎቹ የራሰውን የውሃ ጎማ ከላይ እስከ ታች አንጠልጥለው የሚያደርቁበት ነው። ማማተቤን ግን አልቆጨኝም፤ የጎማ ማድረቂያውም የእግዜር ነው።

ሰዎቹ ፎቅ ላይ ይተኙ ነበር፤ ታች ፈረሶቹና የውሃው ጋሪ፣ ኋላም መኪናው ይቆም ነበር። እኛ የምንኖረው እዚያ መኪናው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ኮሙኑ፣ ማለት የከተማው አስተዳደር፣ የኪራይ ቤት ሲያደርገው ያንን ባለ ሁለት ተከፋች ትልቅ በር ከውጭ እንደነበረ ትቶ፣ ከውስጥ በጣውላና በችፑድ ደፈነው። ሶፋችን የተደገፈው እሱን ነው። የምንገባው በጎን በኩል ባለች ጠባብ በር ነው፤ እሷም የድንጋይ ደረጃ አላት።

ያ ደረጃ ነው ጠላታችን። ባለቤቴ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ቁጭ ብሎ መዋል የማያውቅ ሰው ነበር። ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ስትሮክ ግራ ጎኑን መታውና ዊልቸር ላይ ቀረ። ሁለት ሰው ተሸክሞ ያውርድህ ቢሉት፣ «እኔን ሰው የሚሸከመኝ አንድ ቀን ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ገና ነው» አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ደጅ አላየም። ለዊልቸሩ መውረጃ ይሠራልን ብለን ብንለምን፣ ቤቱ ቅርስ ነው፣ ድንጋዩ አይነካም ተባልን። ወይ ጉድ! ድንጋዩ አይነካም፣ ሰውዬው ግን በስብሶ ቢቀር ግድ የለም።

በመጨረሻ ከኮሙኑ አንዲት ሴት መጥታ ሲከየም አነሳችብን። ሲከየም አቅም ያጡ ሽማግሌዎች ገብተው የሚቀሩበት ቤት ነው። እሱ ቃሉን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም «እስቲ እናስብበት» ብዬ ሸኘኋት። ምን ልበላት? እሱን ሳነሳና ሳስተኛ ወገቤ ተቆርጧል፤ ግን በቁሜ እንደማልሰጠው በልቤ ምያለሁ። ልቤን ማን ያየዋል?

በዚህ መሀል ነው ያ ሽማግሌ የመጣው። አንድ ቀን ፎቶ ያነሳል፣ ሌላ ቀን ይለካል፣ ሌላ ቀን በትንሽ ምላጭ የበሩን ቀለም ይፍቃል። አንዴ አንኳኩቶ «ከውስጥ በኩል ላየው?» አለኝ። «ሞኝህን ፈልግ» አልኩት በአማርኛ፣ በኖርዌጅኛ ደግሞ ባሌ ተኝቷል አልኩና ዘጋሁበት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ በሩ ላይ ቀይ አየሁ። ግራጫው ተፍቆ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው አጠገብ ነጭ፣ ከሁሉም መጨረሻ መዳፍ የሚያህል ደም የመሰለ ቀይ። የአዲስ አበባ ሰው አጥሩ ላይ ቀይ ቀለም ሲያይ ምን እንደሚሆን ለማን ይነገራል? እህቴ ቤት በመጀመሪያ የመጣው ቀለሙ ነው፤ ዶዘሩ ኋላ ነው የመጣው። ብርድ ልብሷና ድስቷ አስፋልት ዳር ተቆልሎ፣ እሷ እላዩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ በስልክ አይቻታለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ሊያፈርሱብን ነው አልኩ።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እሱ በሽተኛ ነው፣ እንዴት ይነገረዋል? ሲያሸልብልኝ ጠብቄ ሻንጣ አወጣሁና መሸከፍ ጀመርኩ። ከሁሉ በፊት የእሱን አስቀደምኩ፤ ሹራቡን፣ መድኃኒቱን፣ መላጫውን። ዶዘር ቢመጣ እንኳ የእሱ ዕቃ አይበታተንም ብዬ ነው። ዞር ስል ዓይኑ ተከፍቶ ያየኛል። ሻንጣውን ዘግቼ ጥግ አቆምኩት።

ያን ቀን ምሳውን አልበላም። በማግስቱ ሾርባውን ገፋው። ኋላ ላይ ድንገት «መቼ ነው?» አለኝ።

ቀዩን ቀለም የነገረው ሰው አለ ብዬ ደነገጥኩ። «ቀኑን ገና አልነገሩኝም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ዓይኑን ጨፈነ።

ቅዳሜ ዕለት ልጃችን ልትጠይቀን ስትመጣ ሽማግሌው በሩ ጋ ነበር። አልቻልኩም፤ ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ! እዚህ ቤት ውስጥ በሽተኛ አለ!» ብዬ በኖርዌጅኛ ጀመርኩ፤ ኖርዌጅኛው ሲያልቅብኝ በአማርኛ ቀጠልኩ። ልጄ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ ቬንት፣ ቬንት! ቆይ እስቲ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ከሰውየው ጋር ብዙ አወሩ። ከዚያ ዞር አለችና እንዲህ አለችኝ፦ «ማንም ሊያፈርስ አይደለም። አናጺ ነው፤ አሮጌ ቤት ነው የሚያድሰው። ቀለሙን የፋቀው በሩ ድሮ ምን ዓይነት እንደነበር ሊያውቅ ነው። እሳት አደጋ ጣቢያ በነበረበት ጊዜ ቀይ ነበር። የተደፈነው በኋላ ስለሆነ ድፍኑ ቅርስ አይደለም፤ የኮሙኑ ፈቃድ አለው፣ ነቅሎ በሩን ሊከፍተው ነው። አንቺ ነሽ አላስገባ ያልሽው።»

ሽማግሌው በጫማው የበሩን ደፍ መታ መታ አደረገ። ዝቅ ብዬ አየሁ። ደፉና መንገዱ እኩል ናቸው፣ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ጋሪና መኪና እየበረረ የሚወጣበት በር ምን ደረጃ ያደርጋል? ክረምቱን በሙሉ ሶፋ አስደግፌበት ኖሬያለሁ!

ለባለቤቴ አዝኖ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ስለ ባለቤቴ አንድም ቃል አልጠየቀኝም፤ ፍቅሩ ከበሩ ጋር ነው። ይሁን፤ ከፈለገ ያግባው፣ ብቻ ይክፈትልኝ።

ለባለቤቴ ግን አልነገርኩትም። ባይሳካስ? ልቡን ሰቅዬ ብጥለውስ? በሩን ሊጠግኑ ነው ብቻ አልኩት።

በሳምንቱ ከሁለት ሠራተኞች ጋር መጣ። ሶፋው ተነሣ፣ ችፑዱ ተነቀለ፣ እንደ ክንድ የወፈረ የብረት ማጠፊያ ወጣ። ዘይት አጠጡትና ገፉት። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ እሳት ተነሣ ሲባል ወደ ውስጥ መሳቢያ ጊዜ የለም። ብርሃኑ ቤቱን ሞላው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ዊልቸሩን እየገፋሁ ደፉ ድረስ አመጣሁት። እዚያ ስንደርስ በደህና እጁ ጎማውን ያዘና አቆመኝ።

«ምነው? ውጣ እንጂ! ደረጃ የለውም፣ ተመልከት!»

መንገዱን አላየም። በአገጩ ጥግ ያለውን ሻንጣ አመለከተኝ።

«ከወጣሁ በኋላ» አለ፣ «መልሰሽ ታስገቢኛለሽ?»

የገፋው ሾርባ፣ ያ «መቼ ነው?» ያለኝ ነገር፣ ሁሉም ያኔ ገባኝ። ለካስ ሰውዬው ሲከየም የሚወስዱበትን ቀን ነው ሲጠብቅ የከረመው፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ገና አልነገሩኝም ብዬዋለሁ! ስለ ቀዩ ቀለም፣ ስለ እህቴ፣ ስለ ዶዘሩ ነገርኩት።

«እናስብበት ስትያት ሰምቻለሁ» አለኝ።

ጥርጣሬ በወሬ እንደማይለቅ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል፤ እኔንስ ማን በቃል አሳምኖኝ ያውቃል? ዊልቸሩን ለቀቅኩና በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ። በረዶው ገና ሟሙቶ አላለቀም ነበር፤ ውሃው ካልሲዬን ዘልቆ አጥንቴ ገባ። መንገዱ መሀል ቆምኩ።

«ይኸው ወጣሁ» አልኩት። «አንተ ከውስጥ ነህ፣ ቤቱ ያንተ ነው። ከፈለግህ ዝጋብኝ።»

ሠራተኞቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩናል። እሱ እግሬን ያያል።

«እብድ! በካልሲ?» አለና ዊልቸሩን አዙሮ ወደ ውስጥ ገባ።

እውነቴን ነው፣ ትቶኝ የቀረ መሰለኝ። እንባዬ መጣ። ትንሽ ቆይቶ፣ በቀኝ እጁ ጎማውን እያሽከረከረ፣ በቀኝ እግሩ መሬቱን እየገፋ ተመለሰ። ጫማዬን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ደፉን ሳያየው አልፎ ወደ እኔ መጣ።