መኪና የሌለባት ደሴት

ፒያሳ፣ የጋሽ ተካ ሳይክል መጠገኛ የነበረበት ቦታ ፈርሶ ዛሬ የሳይክል መንገድ ሆኗል። ልጄ እጄን እንደያዘች፣ «አባዬ፣ እዚህ እኮ መኪና አይገባም፤ ሳይክል ግዛልኝ» አለችኝ።

ጋሽ ተካ የተቀደደ ጎማ ሲለጥፉ የሚሸተው ማስቲሽ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ፣ ታላቅ ወንድሜን ሳይክል ላይ እንዳለ መኪና ገጭቶ ከገደለው ወዲህ እናቴ ሳይክል እንዳልነካ ከልክላኝ ነበር። ጋሽ ተካ ደግሞ ከዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የአንዷ ተወላጅ ነበሩ። «እኛ አገር መኪና አይታወቅም፤ እዚያ ትነዳለህ» አሉኝ። ከሱቃቸው አንዲት ሳይክል አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭነን በማለዳ ልንሄድ፣ በጀልባ ተሻግረን ደሴቷን ልንዞር፣ ሲመሽ ልንመለስ ተማከርን።

እናቴን ሊያስፈቅዱልኝ ኮፍያቸውን አውልቀው ቤታችን ገቡ።

«እታለሜ፣ እዚያ መኪና የለም» አሏት።

እናቴ ከምትለቅመው ምስር ቀና ሳትል፣ «እዚያ እስክትደርሱስ፣ ጋሼ?» አለች።

ጋሽ ተካ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉና፣ «እሱን አላሰብኩትም» ብለው ወጡ። የደሴቷን ነገር ዳግመኛ አላነሱልኝም።

ልጄ መልሴን ትጠብቃለች። ከቤታችን እስከዚህ ያለውን አስፋልት አሰብኩ።

«እዚህ እስክትደርሺስ?» አልኳት።

እጄን ለቀቀችኝ።